አያት ቢሴት እንዳትሞት

ሳስካቼዋን፣ ካናዳ
ኦክቶበር 14 ቀን 1927

ለአክስቴ ልጅ ለኤልስፔት ጎርሌይ፤

እንደምን ከርመሻል? አክስቴ ኪርስቲስ እንደምን አሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጤና ከቤታችሁ፣ እሳት ከምድጃችሁ አይጥፋ። ይህን ያህል ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ ምን ትይኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ብዕሬ ላይ ቀለሙ ሁለቴ ደረቀ። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው።

አያት ቢሴትን ለምን ሳል ያዛት?

የባሌ የዶድ እህት ልብ ወለድሽ የሚወጣበትን ጋዜጣ አንብባ ስትጨርስ ከዚያው ከስኮትላንድ ትልክልናለች። መጀመሪያ «የወንዝ ዳር ቤት» የሚለውን ርዕስና ከሥሩ ስምሽን ሳይ ጮኼ ዶድን ጠራሁት። ቀጥሎ ያቺ አያት ቢሴት የምትያት አሮጊት ወጥ ቤት ገብታ ምራቷን «የቸኮለ ሾርባ ምላስ ያቃጥላል እንጂ ሆድ አይሞላም» ስትላት ዶድ ማንኪያውን አስቀመጠና «ይህቺማ አክስትሽ ኪርስቲ ናት!» አለኝ። ሌላ ማን ልትሆን!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤቴ በሰው ይሞላል። ባልና ሚስት ኖርዌያውያን፣ የባቡር ጣቢያው ሹም፣ ከእኛ ማዶ ያለችው ዩክሬናዊቷ ፓራስካ ሁሉም ይመጣሉ፣ እኔ አነባለሁ። ፓራስካ ቋንቋችንን የተማረችው ከአያት ቢሴት ነው ብል አልዋሸሁም። ባለፈው ባሏ ፈረሶቹን ሳያስገባ ቀርቶ «አንተ ያልተከካ አጃ!» ስትለው እስከ ጣቢያው ተሰማ።

ታዲያ ባለፈው እትም አያት ቢሴትን ሳል ያዛት። ኤልስፔት፣ እኔ ብዙ ልብ ወለድ አንብቤያለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ በከንቱ የሚያስል ሰው የለም። በአሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ያሳለ በሃያኛው ይቀበራል። እባክሽ እንዳትገድያት። ወጥ ቤቱ ሙሉ ሰው ይለምንሻል።

አክባሪሽ፣
ኤፊ ቴት


ኪርክሎ፣ ስኮትላንድ
ኖቬምበር 9 ቀን 1927

ለእህቴ ለኤፊ፤

ከቤትሽ፣ ከከብትሽ፣ ከልጆችሽ ጋር ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሮብ ጎረምሳ ሆኖ፣ ናኒ ደግሞ አድጋ ይሆናል። ደብዳቤሽ ሲደርስ እናቴ ፖስታውን ከእኔ ቀምታ ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው። ዓይኗ ስለደከመ ማንበብ አልቻለችም፤ የእጅ ጽሕፈትሽን ግን አወቀችው። «ይህቺ የእህቴ ልጅ ናት፤ አንብቢልኝ» አለችኝ።

እኔ ሞኟ አንድም ሳላስቀር አነበብኩላት።

«ማን ነው የሚሞተው?» አለች።

«አያት ቢሴት፣ እማዬ። የፈጠራ ሰው ናት።»

«ታዲያ የእኔን ቆብ ምን አስደረጋት? በእኔ ወንበር ተቀምጣ፣ በእኔ አፍ እያወራች የፈጠራ ሰው ናት ትይኛለሽ?»

«እማዬ፣ ልብ ወለድሽን አላነብም ስትይ አልነበር?»

«አላነብም። የሥጋ ሻጩ ሚስት እየመጣች ትነግረኛለች እንጂ!»

ለካ ሥጋ ሻጩ ከሁለት ሳምንት በፊት «ወይዘሮ ጎርሌይ፣ ደረትዎ እንዴት ሆነ?» ብሎ ባለመቅኒ አጥንት በነጻ ጠቅልሎላት ነበር። «እኔ አላሳለኝም አላልሽውም?» ብላት፣ «አጥንቱን ከተቀበልኩ በኋላ አልኩት» አለችኝ።

ኤፊ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጎረቤቶችሽ ግን እንዳታወሪ። የጋዜጣው አዘጋጅ ማርች ሳያልቅ አሮጊቷ ትሙትልኝ ብሎኛል። «አንባቢ ካላለቀሰ ጋዜጣውን ለጎረቤቱ ያውሰዋል፤ ካለቀሰ ግን አስቀምጦ ለራሱ ያደርገዋል፤ ጎረቤቱም ይገዛል» ይላል። እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። ይህን እናቴ አታውቅም።

ብርዱን ቻዪው፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።

ኤልስፔት


ሳስካቼዋን
ዲሴምበር 11 ቀን 1927

ለእህቴ ለኤልስፔት፤

አዲሱ ዓመት በጤና ይግባላችሁ፤ እንደ አገራችን ልማድም በዕለቱ በራችሁን መጀመሪያ የሚያንኳኳው እጁ ሙሉ ሰው ይሁን።

ምስጢርሽን ጠብቄአለሁ፣ ግን ፊቴ አሳበቀ መሰለኝ። ቅዳሜ ማንበቤን አቁሜ ሳየው የጣቢያው ሹም «ልትሞት ነው አይደል?» አለኝ። ፓራስካ መሐረቧን አውጥታ አስቀድማ ማልቀስ ጀመረች። ኋላ ላይ ለአዘጋጁ የምትለው ካለ ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኳት። የነገረችኝን ግን በወረቀት ማስፈር አይቻልም፤ ግማሹን ከአያት ቢሴት ነው የተማረችው።

እዚህ በረዶው መስኮቱን አልፏል። ሮብ ላሞቹን እያለበ ነው፣ ናኒም ውሃውን ትቀዳለች። እኔ እንደ እመቤት ተቀምጬ አነባለሁ። ሻይ እንኳ አልጠጣም። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ ሽታው አስጠላኝ። ዶድ «ሻይ የጠላች ስኮትላንዳዊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወሰድ» እያለ ይቀልድብኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ነጭ ቀጭን የሱፍ ክር እዚህ አይገኝም። ጥቂት ብትልኪልኝ፣ አክስቴ ድሮ ይሠሩት የነበረውን የሕፃን ሻል አሠራርም ብትጽፊልኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለአንዲት ጎረቤቴ ነው። ካልተመቸሽ ተዪው፤ እንዲያው ከመጣልኝ ብዬ ነው።

ኤፊ


ኪርክሎ
ጃንዋሪ 6 ቀን 1928

ለእህቴ ለኤፊ፤

መልካም አዲስ ዓመት። ዘንድሮ በራችንን መጀመሪያ ያንኳኳው ሥጋ ሻጩ ነበር፤ እጁም ሙሉ ነበር፤ የአያት ቢሴት አጥንት።

ደብዳቤሽን ለእናቴ አንብቤላት አጣጥፌ ላስቀምጥ ስል «ቆይ፣ መልሰሽ አንብቢልኝ» አለችኝ።

«ከየት?»

«ሻዩ ሸተተኝ ካለችበት።»

አነበብኩላት። ሹራብ መርፌዎቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና፣ «ጎረቤቷ ስሟ ማን ነው?» አለች።

«አልጻፈችም።»

«የጎረቤቶቿን ሁሉ ወሬ ጽፋ፣ የጣቢያውን ሹም ሳይቀር ጠርታ፣ ሻል የሚሠራላትን ጎረቤት ስም ረሳችው?»

«እማዬ፣ ለእኔ አይደለም ብላለች እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ! አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል ዘመን ስለ ቤተሰብ እየጻፍሽ ኖረሽ፣ ደብዳቤ ማንበብ አልቻልሽም?»

ኤፊ፣ አፍሬ መግቢያ አጣሁ። እኔ ልጠይቅሽ አልደፍርም፤ እሷ ግን ያለችውን እንዳለ ጻፊ ስላለችኝ ይኸው፦ «መቼ ነው?»

ክሩን ገዝታለች፤ አልልክልሽም፣ ራሴ እሠራዋለሁ ብላለች። አሠራሩንም አልነግራትም፣ ይህ በዓይን የሚታይ እንጂ በወረቀት የሚጻፍ አይደለም ትላለች። ዓይኗ ቢደክምም ጣቶቿ ያስታውሳሉ።

ስለ አያት ቢሴት የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ ትናንት በሬን ዘግቼ የመሞቻዋን ምዕራፍ ጀመርኩ። ትራሷን አስተካከልኩላት፣ ልጆቿን ሰበሰብኩላት፤ ከዚያ አላልፍ አለኝ። ተቀምጬ አፍንጫዬን ስጠርግ እናቴ በሩን ከፈተችው።

«ገደልሽኝ እንዴ?»

«ገና ነኝ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው የገብስ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ። ከምሳ በኋላ ትገድዪኛለሽ።»

ነገሩን ሁሉ ስታውቅ ኖራለች ማለት ነው። በቶሎ ጻፊልን።

ኤልስፔት


ሳስካቼዋን
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1928

ለአክስቴ ለወይዘሮ ኪርስቲና ጎርሌይ፣ በኤልስፔት በኩል፤

በሜይ ነው።

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽፌ እያቃጠልኩ ነው የቆየሁት። ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን ያስታውሷቸው ይሆናል፤ ያኔ ለእናቴ ጽፌላት ነግራዎት ነበር። ሁለቱም ሳያለቅሱ ነው የተወለዱት፤ ከጎተራው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ናቸው። ያኔ አስቀድሜ ለሁሉም አውርቼ ነበርና አሁን ከተናገርኩት ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዶድ ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፤ ግን አንድ ቀን ጋጣ ገብቼ ሳየው ፈረሱ አንገት ላይ ተደግፎ ቆሟል። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ሐኪሙ ያለው ሩቅ ከተማ ነው። እናቴም የለችም። ምንም እንዲያደርጉልኝ አልለምንም። ለኤልስፔት ብቻ ይንገሩልኝ፤ አያት ቢሴት ቢያንስ እስከ ሜይ ትቆይልኝ። ይሳቁብኝ፣ ግን በዚህ ቤት ያለችኝ ትልቅ ሴት እሷ ብቻ ናት።

የእህትዎ ልጅ፣
ኤፊ


ኪርክሎ
አፕሪል 8 ቀን 1928

ለእህቴ ለኤፊ፤

እስካሁን የላክሁልሽ ቴሌግራም ደርሶሽ «ምን ነካቸው?» ብለሽ ይሆናል። ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩላት ቀን እናቴ ዝም አለች። እናቴን ታውቂያታለሽ፤ በሕይወቴ ዝም ስትል ያየኋት አባቴ የተቀበረ ዕለትና ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰገነቱ አቅጣጫ እየጠቆመች «ያን ሣጥን አውርጂልኝ» አለች።

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ልብሴን በአካፋ ይዤ ልሂድ?»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«የእህቴ ልጅ በልብ ወለድ አሮጊት ተደግፋ ልትወልድ ነው፤ ወዴት ልሄድ ትይኛለሽ?»

ሐኪም አስጠራሁ። ሰባ አራት ዓመት የሞላት ሴት ያንን ባሕር ካቋረጠች ትሞታለች አለን። «ብሞትም ያ የጋዜጣው ሰውዬ በፈለገው ቀን አልሞትለትም» ብላ አስወጣችው። ቄሳችንን አመጣሁ፤ ሁለት ሰዓት አብረው ቆይተው ሲወጡ ቄሱ ለመርከቡ የሚሆን የሚታኘክ ዝንጅብል ሊገዙላት ቸኩለው ነበር። እኔ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ከፍርሃትሽ ጋር ሁለት በሽተኛ ላስታምም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ከፋኝ።

ሣጥኗን ስትዘጋ ዘወር ብላ «ያቺንስ አሮጊት ምን ልታደርጊያት ነው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«የእኔን ቆብ ያደረገችውን። እኔ ከሄድኩ እሷም ትሂድ እንጂ።»

በማግሥቱ የመሞቻውን ምዕራፍ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አያት ቢሴት ሳሏ ለቀቃት፤ ከአልጋዋ ተነሥታ ቆቧን አጥልቃ መርከብ ተሳፈረች። አዘጋጁ በቴሌግራም «አሮጊቷ የት ሄደች?» አለኝ። እኔም «ካናዳ» ብዬ መለስኩለት።

ትናንት ከግላስጎ ሸኘኋት። ኤፊ፣ በመጽሐፎቼ ውስጥ እናትና ልጅ ሲለያዩ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው የሚባባሉት ነገር አለ፤ ሰዎች እሱን ቆርጠው ያስቀምጡታል ይባላል። እኔ እናቴን ምን እንዳልኳት ልንገርሽ? «ትኬትሽን አጥብቀሽ ያዢ።» እሷስ? «ለዶሮዎቹ የተቀቀለ ድንች ልጣጭ ስጫቸው።» መርከቡ እስኪሰወር ቆሜ ነበር። ከዚያ በባቡር ተመለስኩ፤ ጥርሴ እስከ ቤት ድረስ ሲንገጫገጭ መጣ፤ ብርድ ነበር።

አደራሽን፣ ስትደርስ በቴሌግራም አንድ ቃል።

ኤልስፔት


ሳስካቼዋን
ሜይ 22 ቀን 1928

ለእህቴ ለኤልስፔት፤

ደስ ይበልሽ! ደስ ይበልሽ! እህቴ፣ ሴት ልጅ ወልጄአለሁ፤ አለች፣ ትጮኻለች፣ አሁን ስጽፍልሽ እንኳ ቤቱን ይዛዋለች።

ቴሌግራማችን ደርሶሻል፤ ግን የእናትሽን አመጣጥ መስማት አለብሽ። የጣቢያው ሹም ቴሌግራምሽን ለሁሉም አንብቦት ኖሮ፣ ባቡሩ የደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ጣቢያው ላይ ቆመ። ያሰቡት አክስቴን አልነበረም፤ አያት ቢሴት መጣች ብለው ነው! ከባቡሩ ስትወርድ ሁሉም ባርኔጣውን አወለቀ። ፓራስካ ተንበርክካ እጇን ሳመች። አክስቴ ደንግጣ «ይህቺ ሴት ምን ጠፋባት?» አለችኝ። ስነግራት የፓራስካን ባል ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ያልተከካው አጃ አንተ ነህ?» አለችው። ሰውዬው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

«አክስቴ» እያልኩ ገና «እርስዎ» ስላት ደግሞ ተቆጣችኝ። «እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ። ለእናትሽ ምን ትያት ነበር?» አለች። ይኸው አንቺ እላታለሁ።

የምጡ ቀን በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ የሐኪሙ መኪና ግማሽ መንገድ ላይ ሰምጣ ቀረች። ዶድ ፈረሶቹን ይዞ ሊያወጣው ሄደ። ቤት የነበሩት እናትሽና ፓራስካ ናቸው። አንዷ ሌላዋን በቅጡ አትሰማትም፤ ግን ውሃ ስትል ውሃ፣ ፎጣ ስትል ፎጣ ይቀርባል። እኔ ግድግዳውን እያየሁ ስለ ሁለቱ ልጆቼ ብቻ ነበር የማስበው። አክስቴ አገጬን ይዛ ወደ እሷ መለሰችኝና «እዚህ፣ እኔን እይኝ፤ እዚያ ምንም የለም» አለችኝ።

ልጅቷ ወጣች፤ አላለቀሰችም።

ኤልስፔት፣ ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ። አልጋውን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናትሽ ግን በፎጣ ጀርባዋን እያሸች ጮኸችባት፦ «ስሚኝ አንቺ ልጅ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባሕር አቋርጬ የመጣሁት ዝምታሽን ልሰማ አይደለም! በስኮትላንድ ዝምታ ሞልቶናል!» ፓራስካም በራሷ ቋንቋ ተቀበለቻት። ሁለቱ ተባብረው ሲቆጧት ትንሿ ተናደደች መሰለኝ፣ አፏን ከፈተች። ዶድ ከደጅ ከሐኪሙ ጋር እየገባ ነበርና ድምጿን ሲሰማ ከነጭቃው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያለቀሰውን ለቅሶ አልነግርሽም።

ስሟ ኪርስቲ ፓራስካ ቴት ነው። የአክስቴን ሻል ለብሳለች። ሻሉ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጥልፍ ዘሏል፤ ማንም እንዳይነግራት ብያለሁ።

አሁን ስለ እናትሽ። ልጅቷ ቆማ ሳላያት አልመለስም ብላለች። ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ሁሉንም ታዛለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣው ሲነበብ አያት ቢሴት ያለችውን «እንዲህ አላልኩም» እያለች ታርማለች። ከሰዓት በኋላ ግን ደጅ ተቀምጣ ወደ ጣቢያው መንገድ ታያለች። «ናፈቀሽ?» ስላት፣ «ማን? እኔ? ፀሐይ ልሞቅ ነው» ትለኛለች፤ ፀሐይ በሌለበት።

ለእሷ የላክሻቸውን ደብዳቤዎች አንብቤላታለሁ። «በጣም ያማሩ ናቸው፤ እንደ መጽሐፍ ናቸው» አለችና ቆይታ ጨመረችበት፦ «ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥሉ አይጣሉ ግን አላወቅሁም። እሷስ ምን በላች? ለማተሚያ ቤት የሚሆነውን ለማተሚያ ቤት ትላከው፤ ለእኔ የእኔን ትጻፍልኝ።» እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ አትቆጪኝ።

የምታመሰግንሽ፣
ኤፊ


ኪርክሎ
ጁን 12 ቀን 1928

ለእናቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን። ኤፊን፣ ዶድን፣ ሮብን፣ ናኒን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ደግሞ አንገቷ ሥር።

ዶሮዎቹ ይጥላሉ። ቀይዋ ብቻ ከጎረቤት አጥር ሥር እየደበቀች አስቸግራኛለች። የድንች ልጣጩን ቀቅዬ እሰጣቸዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሾርባ ጥጄ ሁለት ገጽ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ አረረ፤ ድስቱን ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ አሁንም ጥቁር ነው። ገዝቼ እተካዋለሁ፣ አትቆጪ። የገበያው መንገድ እየተቆፈረ ነው። የቄሱ ሚስት አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ዝናብ መታት። ሥጋ ሻጩ ባለመቅኒ አጥንቱን ለእኔ መስጠት አቁሟል፤ «እናትሽ ሲመለሱ» ይለኛል።

አዘጋጁ ደብዳቤ ጎርፎለታል። አንባቢ ሁሉ አያት ቢሴት ካናዳ ደርሳ ምን አደረገች እያለ ይጠይቃል። አሁን «መጀመሪያውኑ እንዳትሞት ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት ጀምሯል። ምን አልኩት መሰለሽ? «ይሁንልህ» አልኩት። ግን አያት ቢሴት ምን እንደምታደርግ እኔም አላውቅም። ከወጥ ቤቱ የሚያቋርጠኝ ሰው ስለሌለ ጊዜ ሞልቶኛል፤ ጊዜ ሲሞላኝ ደግሞ አንድ መስመር አይወጣኝም።

ትናንት ጠዋት ሻይ ቀድቼ «እማዬ፣ ሻይሽ» ብዬ ተጣራሁ። ድመቷ ቀና ብላ አየችኝ።

እማዬ፣ በየመጽሐፌ ያሉ ሴት ልጆች ለእናቶቻቸው የሚሉትን እኔ ለአንቺ ብዬሽ አላውቅም። መርከቡ ሥር ቆሜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ስለ ትኬት አወራሁ። እንግዲህ ይኸው፦ ናፍቀሽኛል። እወድሻለሁ። በዚያ ምድር ላይ የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ፤ እኔም በኦገስት መርከብ እመጣለሁ፤ ቦታ ይዣለሁ።

ፖስተኛው ከበሩ ላይ እየጠበቀኝ ነው። የጻፍኩትን ሳልሰርዝ ፖስታውን ልዝጋ።

ልጅሽ፣
ኤልስፔት